ስምንተኛ ክፍል ነኝ ያሉት ሚስ ኢዞላ

ሚስ ኢዞላ ብሪግስ አሳንሰር ሲያቆሙ ማየት ነበረባችሁ። እኛ ሌሎቻችን እጀታውን ስንመልስ ሳጥኑ አንዴ ከወለሉ በላይ፣ አንዴ ከወለሉ በታች እየሆነብን፣ ደንበኞቹ ጋሪ የተሳፈሩ ይመስል እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የሳቸው ግን ላባ ነው። በሩ ሲከፈት የሳጥኑ ወለልና የፎቁ ወለል እኩል ናቸው፤ ብይ ብታንከባልሉበት ሳይንገጫገጭ ያልፋል። ቡናማ ዩኒፎርም፣ ነጭ ጓንት፣ ቀጥ ያለ ጀርባ። «አራተኛ ፎቅ፤ የሴቶች ባርኔጣ፣ ጓንት፣ የውስጥ ልብስ» ሲሉ ደግሞ ዕቃው ሁሉ የራሳቸው ይመስል ነበር።

ከሳቸው ጋር አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለሳቸው የማውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማውቀው ነገር ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም ነበር፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ሆዳቸውን የሚያማቸው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ሴት። በቃ።

የላንግረን መደብር የሴንት ልዊስ ትልቁ መደብር አልነበረም፤ ትልቅ ነኝ ብሎ ግን ያምን ነበር። ስምንት ፎቅ፣ ስድስት አሳንሰር። አሳንሰሩን የምንነዳው ሁላችንም ጥቁር ሴቶች ነን፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው የሚሸጡት ሁሉም ነጭ ሴቶች፣ እነሱን የሚቆጣጠሩት ሁሉም ነጭ ወንዶች። ይህን ማንም ግድግዳ ላይ አልለጠፈውም፤ ጠዋት በሠራተኛ በር ስትገቡ እግራችሁ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። መግዛት እንችላለን። ባርኔጣ ግን ራሳችን ላይ መለካት ስለማይፈቀድልን ሳንለካ ነው የምንገዛው።

በትምህርት ነው እንዳትሉኝ። ሽቶ የምትሸጠው ዶሪስ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቆመች ናት። ወንድሟም ዘጠነኛ ላይ አቁሞ የጫማ ክፍል አለቃ ሆኗል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ መድረክ ላይ ግጥም አንብቤ ተመርቄ ሳበቃ ሦስተኛውን አሳንሰር ሰጡኝ። ሁለተኛውን የምትነዳው በርናዲንም እንደኔው አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። ስድስተኛውን የምትነዳዋ ደግሞ ስሟን ለመጻፍ ምላሷን ታወጣለች። አሳንሰር ውስጥ ሁላችንም አንድ ነን፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የሰፈራችን ወንዶችም ያው ናቸው። ጎረቤታችን ኬሚስትሪ ተምሮ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይደረድር ነበር። እናቴ «የኛ ፖስታ ቤት ከኮሌጁ የበለጠ ምሩቅ አለው» ትል ነበር።

ምሳችንን የምንበላው ምድር ቤት፣ ማሞቂያው ክፍል አጠገብ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ የጠረጴዛው ንግሥት በርናዲን ናት። ክብ ፊት፣ ሰፊ ሳቅ፣ ከሳቋ የሚሰፋ ምላስ። ባሏ አንድ ቀን ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል፤ እሷም ከዚያ ወዲህ አጫሽ ባየች ቁጥር «ባሌን አየኸው?» ትላለች። ሚስ ኢዞላ ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ማሞቂያው ሥር ባለችው አግዳሚ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብቻቸውን ይበላሉ።

«ሚስ ኢዞላ፣ ይምጡ እንጂ። ዛሬ የስኳር ድንች ኬክ አለ» ትላለች በርናዲን።

«አመሰግናለሁ ልጄ። ሆዴ ነው።»

«የርስዎ ሆድ መቼም ኩሩ ነው፤ ከሰው ጋር አይበላም።»

እንስቃለን። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታው ግን ወደ ግድግዳው ነው።

አንድ ክረምት በርናዲን የልጇን የዋንዳን የሒሳብ ደብተር እያመጣች ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋልን ጀመር። ዋንዳ አልጀብራ አልገባ ብሏት ነበር።

«እስቲ እዩት» ትላለች፤ «ፊደልን ከቁጥር ጋር ምን አገናኛቸው? ደግሞ ኤክስን ፈልጊ ይሏታል። የጠፋ ሰው ያለብኝ እኔ፣ ፈልጊ የምትባለው ልጄ።»

ሁላችንም ደብተሩ ላይ እንደፋለን። እኔ ትምህርቱን ካለፍኩት ቆይቻለሁ፤ ሌሎቹም ከኔ አይሻሉም። አንዷ ደምሪው ትላለች፣ አንዷ ቀንሺው። የምሳ ሰዓት ያልቃል፣ ደብተሩ ይታጠፋል። ሚስ ኢዞላ ግድግዳቸውን እያዩ ያላምጣሉ። ጸደይ ላይ ዋንዳ ወደቀች። አልደግምም ብላ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ መተኮስ።

እኔ የሚስ ኢዞላን ነገር ያወቅሁት ሴቶች ነጭ ለብሰው ራሳቸው በሚሰብኩበት በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ከወንዙ ማዶ ባለች አንዲት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ በሴቶች ቀን ብቻዋን ስትዘምር እንድሰማት ጠራችኝ። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ባርኔጣ፣ ነጭ ጫማ አድርጌ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻገርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በነጭ የለበሱ ሴቶች ሞልቶታል፤ ዳመና ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከዝማሬው በኋላ ፓስተሩ ተነሣና «ዛሬ የምታስተምረን እህታችን፣ በሒሳብ ከኮሌጅ የተመረቀች፣ የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ እህት ኢዞላ ብሪግስ» አለ።

ከዳመናው ውስጥ ሚስ ኢዞላ ተነሡ።

ድምፃቸው የአሳንሰሩ ድምፅ አልነበረም። ላንግረን ውስጥ አጭር አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ እዚያ መድረክ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ እየተዘረጋ፣ እየተጠቀለለ፣ መጨረሻው ላይ በጣታቸው ቋጠር ያደርጉታል። ሴቶቹ «አሜን» ይላሉ፣ «ንገሪን» ይላሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። በመካከል ዓይናቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሰ። እኔን አዩ። ንግግሩ ተቋረጠ፤ ሰው ሁሉ መንፈስ የነካቸው መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ በአጭሩ አሳርገው ተቀመጡ።

በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ዶሮ ጥብስ፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ስንበላ ሳህናቸውን ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

«በርናዲን ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«እዚህ መምጣትሽን።»

«አታውቅም፣ ሚስ ኢዞላ።»

«ጥሩ። አንቺ እዚህ አልነበርሽም።»

«ኧረ ነበርኩ። ሲናገሩም ሰማሁ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ...»

«አልነበርሽም፣ ፐርሊን።»

«እሺ፣ አልነበርኩም» አልኩ፤ የዶሮውን ጭን እንደያዝኩ።

ወደ ቤት አንድ አውቶቡስ ያዝን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ ማዶው እስኪያልቅ የጠበቁ ይመስል፣ ጀመሩልኝ። አርካንሳ ውስጥ ነው ያስተማሩት። ሒሳብ ይወዱ ነበር፤ «ለሰው ሁሉ እኩል የሚፈርድ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ክሊፍተን ብሪግስን አገቡ። በዚያን ጊዜ ያገባች ሴት አታስተምርም፤ ባል የሚያበላት ሴት የሌላውን እንጀራ ትሻማለች ይባል ነበር። ሌሎቹ መምህራን ጋብቻቸውን ደብቀው፣ ቀለበታቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረው ያስተምሩ ነበር። ሚስ ኢዞላ ግን ቀለበታቸውን ጣታቸው ላይ አድርገው ክፍል ገቡ። በሳምንቱ ክፍሉ የሌላ ሰው ሆነ።

«ክሊፍተን ሕግ ተምሯል» አሉ። «ሥራው ግን የሌሊት ባቡር ላይ ለተሳፋሪዎች አልጋ ማንጠፍ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ዳኞች አልጋቸው ላይ ተኝተው ስለ አንድ ክስ ሲከራከሩ ሰምቶ ሁለቱም ተሳስተዋል አለኝ።»

«ነገራቸው?»

«ትራሳቸውን አስተካከለላቸው።»

ክሊፍተን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሳንባ ምች ሞተ። ሚስ ኢዞላ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጡ። ለጥቁር መምህርት የሚከፈተው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ የአገሩ ተመራቂ ሁሉ ተሰልፏል፣ ከሌላ አገር የመጣ ከጭራው ነው የሚቆመው። ወደ ሱቆች ሄዱ። ኮሌጅ ጨርሻለሁ ባሉ ቁጥር ቀጣሪው ይስቃል፤ «ታዲያ ለኛ ምን ልትሠሪልን ነው?» ይላል። በመጨረሻ ቤት ያከራየቻቸው ሴትዮ መከረቻቸው። «ልጄ» አለቻቸው፣ «ዲግሪሽን ሻንጣ ውስጥ ቆልፈሽ ሂጂ። ስንት ተማርሽ ካሉሽ ስምንት በይ። ከስምንት በታች ደንቆሮ ነሽ ይላሉ፣ ከስምንት በላይ ትዕቢተኛ ነሽ ይላሉ።»

ላንግረን ሄደው ስምንት አሉ። በዚያው ቀን ጓንት ሰጧቸው።

«ከዚያ ወዲህ» አሉ ወንዙን እያዩ፣ «ሰው ጋ ተቀምጦ መብላት ያስፈራኛል። ሰው ሲበላ ያወራል። ሲያወራ ያመልጠዋል።»

ወንዙ ቡናማ ነበር፤ ጀልባ እንኳ አልነበረበትም። ለዚሁ ነው ለካ ከማንኛችንም ጋር እንዳይገናኙ እሑድ እሑድ ብቻቸውን ድልድይ ተሻግረው የሚጸልዩት።

ዓመቱ ሳይሞላ የአምስተኛ ፎቅ ነገር መጣ። ፓስተሮቻችን ተሰብስበው የመደብሩን ባለቤት ጥቁር ሻጭ እንዲያስገባ ሲያነጋግሩት ከርመው ነበር፤ እንቢ ካለ እሑድ ጠዋት ከመድረክ ላይ ከላንግረን አትግዙ ሊሉ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከመክፈታችን በፊት የቅጥር ኃላፊው ሚስተር ክሌት ምድር ቤት ወረደ። ሚስተር ክሌት ቀይ አንገት ያለው፣ ጨዋ፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር።

«ከእናንተ አንዷ ወደ ሽያጭ ትዛወራለች» አለ። «መጽሐፍ ክፍል፣ አምስተኛ ፎቅ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች መሆን አለባት። የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ንገሩኝ።»

ሲወጣ በርናዲን ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች። «መጽሐፍ ከካልሲ በምን ይለያል? ‹እመቤቴ፣ ይህ ይጠብብዎታል፣ ወፍራሙን ይውሰዱ›።»

ሳቃችን ማሞቂያውን አናወጠው። እኔ ግን የማየው ሚስ ኢዞላን ነው። ጓንታቸውን አንድ ጣት ካጠለቁ በኋላ ትተውት፣ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።

በዚያው ሰሞን መሐንዲሶች እየመጡ ፊት ያሉትን አሳንሰሮች ይለኩ ነበር። በአዝራር የሚሄድ፣ ነጂ የማይፈልግ ሊመጣ ነው። ለኔ ግድ የለም፤ ወጣት ነኝ፣ ሌላ አገኛለሁ። ሃምሳን ላለፉ ሴትዮ ግን ወይ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ወይ መንገድ። አምስተኛን ለመጠየቅ ደግሞ ስምንተኛ አይደለሁም ማለት አለባቸው። ሲቀጠር የዋሸ ይባረራል፤ ባለፈው ዓመት ዕድሜዋን የቀነሰችውን እንኳ አባረዋታል።

በማግስቱ ሳጥናቸው ውስጥ ብቻችንን ስንሆን «እፈልገዋለሁ» አሉኝ።

ሚስ ኢዞላ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ሰው መጥቶ፣ ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው፣ ምን ላንብብላት ሲለኝ መመለስ እፈልጋለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የት ነው።»

«ቢያባርሩዎትስ?»

«አዝራሩ ሲመጣም ያባርሩኛል» አሉና አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ላባ አሳረፉት።

ሐሙስ ዕለት እኔ ሳጥናቸውን ይዤላቸው ወደ ሚስተር ክሌት ቢሮ ገቡ። ስንት ጊዜ ወጣሁ፣ ስንት ጊዜ ወረድኩ፤ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በሩን በከፈትኩ ቁጥር አንገቴ ይሰግጋል። በመጨረሻ ከአገናኝ መንገዱ ብቅ አሉ። ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት። እጀታውን ተቀበሉኝ። በአምስተኛና በአራተኛ መካከል ሲደርሱ ሳጥኑን አቆሙት። ሁለት ፎቅ መካከል ማቆም ክልክል ነው፤ ለኛ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሌላ የራሳችን ክፍል የለንም።

«አላባረረኝም» አሉ።

«ተመስገን።»

«ቆይ፣ ገና ነው። ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሲሰጠኝ ነው የፈራሁት። ‹ኢዞላ፣ ለምን ዋሸሽ?› አለኝ። ‹እውነቱን ብናገር ትቀጥሩኝ ነበር?› አልኩት። አሰበና ‹አይ› አለ። ሐቀኛ ሰው ነው።»

«ታዲያስ?»

«‹ችግሩ› አለ ጫማውን እያየ፣ ‹የመጽሐፍ ክፍሏን የምትመራው ሚስ ዳውሊንግ አሥረኛ ክፍል ናት። ሻጮቹም ከሷ አይበልጡም። አንቺን ከበታቿ ባስቀምጥ ምን ትላለች? የኮሌጅ ምሩቅ፣ ያውም...› አለና ተወው።»

«ያውም ምን?»

«አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም።»

ከላይ አንዲት ደንበኛ ደወል ደወለች። ሚስ ኢዞላ አልሰሙም።

«‹የሚፈለገው አሥራ ሁለተኛ ነው› አለኝ። ‹አንቺ ትበዢበታለሽ።› አየሽ ፐርሊን፣ ያን ጊዜ እንዲያስገቡኝ ብዬ ትምህርቴን አጎደልኩት። አሁን እውነቱን ስነግረው ይተርፋታል አለ። ልኬ የቱ እንደሆነ ብቻ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

«ሳጥኑንስ ይነዳሉ አለ?»

«እሱማ ደግነቱ። ‹ስምንተኛ እንደሆንሽ ይቆይ› አለ። ‹ማንም አይስማ፣ እኔም አልሰማሁም፤ ለሁላችንም ይሻላል።› እጁንም ዘረጋልኝ። በጓንቴ ጨበጥኩት።» ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። እጀታውን ያዙና፣ «ከሱ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ለካ የደበቅሁት ከእናንተ ነው፤ እሱ ምን ቸገረው። ምሳ የበላሁት ከግድግዳ ጋር ነው፣ እሱማ ከሰው ጋር ነው የሚበላው።»

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ምሳቸውን ይዘው ከአግዳሚው ተነሡ። ሁላችንም ማላመጥ አቆምን። መጥተው ጠረጴዛው ራስጌ ላይ፣ በርናዲን ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዓለም ሊያልፍ ነው» አለች በርናዲን። «ሆድዎ ተሻለው?»

«ሆዴን አሞኝ አያውቅም።»

«እንዴት?»

«አምስተኛ ፎቅን ጠይቄ ነበር። አልተሰጠኝም። ከሌላ ሰው ሳትሰሙ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ስምንተኛ ክፍል አይደለሁም። ኮሌጅ ጨርሻለሁ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት መምህርት ነበርኩ።»

አንዷ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። በርናዲን አልሳቀችም።

«የምን መምህርት?»

«የሒሳብ።»

በርናዲን ሹካዋን አስቀመጠች። ስታስቀምጠው ድምፅ አላሰማም፤ እሷ ደግሞ ማንኪያ ስታስቀምጥ እንኳ የምትሰማ ሴት ናት።

«የዋንዳን ደብተር እዚህ ዘርግቼው አልነበር?»

«ዘርግተሽው ነበር።»

«ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«መልሱን ያውቁት ነበር?»

አላውቀውም ቢሉ ማን ይይዛቸው ነበር? እኔ በልቤ አላውቀውም ይበሉ እያልኩ ነበር።

«አውቀው ነበር» አሉ።

«አግዳሚዋ ከዚህ ስንት እርምጃ ናት?» አለች በርናዲን፤ የምትጠይቀው ጠረጴዛውን እንጂ ሰው አልነበረም። «ሁሉን ስናወራ ሲሰሙን ኖረዋል። ባሌ ሲጠፋ ያለቀስኩት እዚህ ነው። እኔ እኮ ሆዳቸውን ያማቸዋል እያልኩ እናቴ ለሆድ የምታፈላውን ቅጠል አመጣሁልዎ።»

«ጠጥቼዋለሁ» አሉ ሚስ ኢዞላ።

«ቢያስጠኗት ምን ይሆኑ ነበር? ዋንዳ ለማን ታሳብቅብዎት ነበር?»

«ማንንም አልጠረጠርኩም። ፈራሁ። አሁንም ቢሆን ላስጠናት እችላለሁ፤ ቅዳሜ፣ ከሥራ በኋላ፣ ባመቻት ጊዜ።»

«ከሥራ በኋላ እግሯን ውኃ ነክራ እንቅልፍ ነው የሚወስዳት።» በርናዲን ዳቦዋን ጠቀለለች። «እናመሰግናለን፣ ፕሮፌሰር።»

ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት፤ ማንም አልተሳደበም፣ ሁሉም ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ነው ያስገቡት። እኔን ደግሞ ደወል ጠራኝ። ከበሩ ላይ ዞር ስል ሚስ ኢዞላ ለዐሥራ ሁለት ሰው በተሠራው ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ከግድግዳው ወደ ጠረጴዛው ዞሯል፣ ሰው ግን የለም።

በርናዲንም ጠይቃ ኖሮ ቦታው ለሷ ተሰጠ። ስትነግረኝ ፊቷ የደስታ ፊት አልነበረም።

«ቦታው የሳቸው ነበር» አለችኝ።

«አልሰጧቸውም እኮ።»

«አውቃለሁ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። አጥርቼ እንኳ ልጠላቸው አልቻልኩም።»

ሰኞ ጠዋት በርናዲን ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ አድርጋ በሠራተኛ በር ገባች። ያለ ቡናማው ዩኒፎርም ሌላ ሴት መሰለችኝ፤ ያጠረች፣ ያነሰች። የሷ ሳጥን ለሌላ ተሰጥቷል፤ የኔም ለጥገና ቆሟል፤ ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው የሚስ ኢዞላ ብቻ ነበር። በርናዲን አየችው። ደረጃውንም አየችው። ከዚያ ገባች። እኔም ወደ ላይ ስለምሄድ ተከትዬ ጥግ ያዝኩ።

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በርናዲን ኮሌታዋን ትነካካለች። ያቺ ወንበር ላይ ወጥታ የምትሰብክ ሴት።

አራተኛን ስናልፍ፣ «ሚስ ኢዞላ» አለች በሩን እያየች፣ «ያን ሁሉ ተምረው እዚህ ሳጥን ውስጥ እንዴት ሳያብዱ ኖሩ?»

«ማን አላበድሽም አለኝ?»

በርናዲን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው።

«አልታረቅሁዎትም» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ዋንዳንም ጠይቄያታለሁ። አልፈልግም አለች።»

«መልካም» አሉ ሚስ ኢዞላ። ድምፃቸው ግን ልክ እንደኛ ሳጥን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አለብኝ። ከዚያ አምስተኛ ፎቅ ላይ አሳረፉንና በሩን ከፈቱ።

መደብሩ ገና አልተከፈተም። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያው በመጽሐፍ ተሞልተዋል። ከባንኮኒው ጀርባ ሚስ ዳውሊንግና ሁለት ሻጮች ቆመው ሲያወሩ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ዞር ብለው አዩና ወሬያቸውን አቆሙ። ማንም እንደምን አደርሽ አላለም።

በርናዲን አልተንቀሳቀሰችም። ሚስ ኢዞላ ቀና አሉና ለነጭ ደንበኛ በሚሉበት በዚያ ድምፅ፣ ጮክ አድርገው፣ «አምስተኛ ፎቅ፤ መጻሕፍት፣ ወረቀት፣ ቀለም። እግርዎን ይጠብቁ፣ ሚስስ ኩክ» አሉ።

እዚያ ሕንፃ ውስጥ በርናዲንን ማንም ሚስስ ኩክ ብሏት አያውቅም። ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። በርናዲን ትከሻዋን አስተካክላ ወጣች።

ባንኮኒው ሩቅ ነበር። ጫማዋ ወለሉ ላይ ቷ ቷ ይላል። ከታች ደወል ተደወለ፤ ሚስ ኢዞላ አልወረዱም። ደግሞ ተደወለ። እጃቸው የበሩን ጠርዝ ይዟል፤ ሳጥኑ ትንሽ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓይናቸው በርናዲን ላይ ነው ብዬ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳያቸው መደርደሪያዎቹን ነበር የሚያዩት፣ ከላይ ጀምረው፣ ረድፍ በረድፍ።

በርናዲን ባንኮኒው ደረሰች። ጀርባዋ ነው የሚታየን፤ አልዞረችም። አንዷ ሻጭ ቦታ ለመስጠት ሳይሆን ለመሸሽ ፈቀቅ አለችላት። በርናዲን እዚያው ክፍተት ውስጥ ቆማ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

ደወሉ አሁን አልቆም አለ። ሚስ ኢዞላ በሩን ዘጉና እጀታውን ወደ ታች መለሱት።